«አምስት ገዳም በአንድ ቀን» ብለው የሸጡልን ጀልባ

ባሕር ዳር ሄዳችሁ ጣና ላይ በጀልባ ልትወጡ ካሰባችሁ ይህን አንብቡ። እኔ ማንንም ሳልጠይቅ ሄጄ ነው የተሸወድኩት። ሙሉ ለሙሉ ተሸወድኩ ማለትም ግን ይከብደኛል፤ እማዬ ያንን ቀን እስካሁን ለጎረቤት ሁሉ እያወራች ነው። አገልግሎቱ ደካማ ነበር። ቀኑ ግን ሸጋ ነበር።

የጀልባዎቹን ባለቤቶች ስም አልጽፍም። ከሌሎቹ ይብሱ ይሁን አይብሱ አላውቅም፤ ደግሞ ጀልባውን የነዳልን ልጅ ከነሱ ጋር አብሮ እንዲወቀስ አልፈልግም። ለእሱ ከአምስት አምስት እሰጠዋለሁ። ለድርጅቱ ሁለት። ለአስጎብኚው... ቆይ፣ እሱ ጋ እንደርሳለን።

እኛ ሦስት ነን፤ እኔ፣ እማዬና ታናሽ ወንድሜ። እማዬ ሰባ ሊሞላት ትንሽ ቀርቷታል፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃ ስታይ ገና ሳትወጣው «በስመ አብ» ትላለች። ደብረ ማርቆስ አካባቢ ተወልዳ ያደገች ጎጃሜ ናት፤ ጣናን ግን በዓይኗ አይታው አታውቅም። በልጅነቷ አዲስ አበባ ገባች፣ ከዚያ ሥራ፣ ልጅ፣ ኑሮ፣ በቃ። ኅዳር መጀመሪያ ላይ የዓመት ፈቃድ ነበረኝና በአውሮፕላን ይዘናት መጣን። በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በመኪና ለመምጣት የምታስቡ ካላችሁ ከመነሳታችሁ በፊት እዚያው ያለ ሰው ደውላችሁ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። ያለፉት ዓመታት ለአካባቢው ቀላል አልነበሩም፤ ሐይቁ ዳር ተደርድረው እንግዳ የሚጠብቁትን ጀልባዎች ስታዩ ወሬ ሳይነገራችሁ ይገባችኋል።

የገባን ዕለት ማታ ሐይቁ ዳር በዘንባባው ሥር ወክ ስናደርግ አንድ ሰውዬ ተጠጋን። ቆንጆ አፍ አለው። «ክብራን፣ እንጦስ፣ ዘጌ፣ ዳጋ፣ ናርጋ። አምስት ገዳም በአንድ ቀን። ማታ 11 ሰዓት ሆቴላችሁ ናችሁ» አለን። እማዬ አምስት ገዳም የሚለውን ስትሰማ ፊቷ በራ። እኔም እሷን አይቼ እሺ አልኩ። አስጎብኚም አብሮ አለ፣ ነዳጅም አብሮ አለ፣ «ሁሉ ነገር ውስጡ ነው» አለ። ግማሹን ቀብድ ከፈልን። ደረሰኝ? የለም። አንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ስልክ ቁጥር ጽፎ ሰጠን።

ዋጋውን አልነግራችሁም፤ ነዳጅ በጨመረ ቁጥር ስለሚቀያየር አይጠቅማችሁም። የሚጠቅማችሁ ይህ ነው፦ ዋጋው በሰው ነው ወይስ በጀልባ ኮንትራት? የገዳማቱ መግቢያ ይጨምራል ወይ? የኛ አይጨምርም ነበር። «ሁሉ ነገር ውስጡ ነው» ማለት ለካ ነዳጁና ሰዎቹ ማለት ነው። እያንዳንዱ ገዳም የራሱ መግቢያ አለው፣ ገንዘቡም ለገዳሙ ስለሚገባ መክፈሉ አይቆጭም። የሚያበሽቀው ትናንት ማታ «ተከፍሏል» ተብሎ ዛሬ ጠዋት ቦርሳ መክፈት ነው። ዝርዝር ብር ያዙ፤ ደሴት ላይ መልስ አይገኝም።

አሁን ስለ ጂኦግራፊ ትንሽ። ይህን በማታው ካርታ ላይ አይቼው ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ ባልተጻፈ ነበር። ጣና ርዝመቱ 84 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ30 በላይ ደሴቶች አሉት፣ ብዙዎቹ ላይ ገዳም አለ ወይም ነበረ። ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ ለከተማው ቅርብ ናቸው። ዘጌ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ዳጋ እስጢፋኖስና ናርጋ ሥላሴ ግን ደቅ ደሴት አጠገብ ናቸው፤ ደቅ ማለት ደግሞ ሐይቁ መሃል ማለት ነው። ደርሶ መልሱ ብቻውን ቀኑን ይበላዋል። አምስቱን በአንድ ቀን እናሳያችኋለን የሚላችሁ ሰው ወይ ካርታ አይቶ አያውቅም፣ ወይ እናንተ እንደማታዩ ያውቃል።

ጠዋት 1 ሰዓት ብለውን 2 ሰዓት ተኩል መጡ። ጀልባዋ ደህና ናት፤ የብረት፣ ከላይ ጥላ ያላት፣ ሞተሯም ጉልበት አለው። ላይፍ ጃኬት ነበረ፤ ይህን እንደ ትልቅ ነገር መጻፌ ራሱ ያሳዝናል። የእማዬ ማሰሪያው ተበጥሶ ስለነበር በመቀነቷ ጥፍር አድርጋ አሰረችው። «እንዲህ ይሻላል፣ ያ የፕላስቲክ ነገር አይታመንም» አለች። ጀልባ ነጂው ሳቀ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሁለቱ ጓደኛሞች ሆኑ። የጠረፍ ልጅ ነው፣ ሐይቁን እንደ ጓሮው ያውቀዋል።

አስጎብኚው ደግሞ ወጣት፣ ንጹሕ ለባሽ፣ መነጽር ያደረገ ልጅ ነው። መጥፎ ልጅ አይደለም። ችግሩ በቃሉ የያዘውን ነው የሚያወራው። መሃል ላይ ጥያቄ ከጠየቃችሁት ይጠፋበትና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

እና ክብራን ደረስን።

ጀልባዋ ጠጠር ነክታ ቆመች። እማዬ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ አለች። ልጁ፣ አስጎብኚው፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «እ... እዚህ ሴቶች አይገቡም። ወንድምዎት ብቻ ነው የሚገባው።»

እኔ ሥርዓቱን አልቃወምም። ገዳሙ የወንዶች ነው፣ ከጥንት ጀምሮ ሕጉ ነው፣ እማዬም «ሕጉ ከሆነ ሕጉ ነው» ብላ እዚያው ተቀመጠች። የተናደድኩት ሌላ ነገር ላይ ነው። ዳጋ እስጢፋኖስም እንደዚሁ ሴት አያስገባም። ከሸጡልን አምስት ገዳማት ሁለቱ ለኛ ዝግ ናቸው ማለት ነው። እኛ ደግሞ ሦስት ሆነን ሁለታችን ሴቶች ነን። ሰውየው ማታ ፊት ለፊት አይቶናል እኮ! እማዬን «እናቴ» እያለ ነው የተዋዋለው።

ወንድሜ ገብቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየ። ክብራን በብራና መጻሕፍቱ ነው ስሙ የሚጠራው፤ 200 ገደማ መጻሕፍት እንዳሉት ይነገራል፣ ከነሱም ሥዕል ያለበት የቆየ ወንጌል አለ። ወንድሜ ስንቱን እንዳየ ስጠይቀው «ሁለት ገለጡልኝ፣ አንዱ ላይ ቀዩ ቀለም ዛሬ የተቀባ ነው የሚመስለው» አለ። ፎቶ አላነሳም። እኛ ጀልባዋ ውስጥ ቆሎ በላን። ጀልባ ነጂው ለእማዬ የወፎቹን ስም ነገራት፣ እሷም ግማሹን ተቃወመችው።

እንጦስ ኢየሱስ እዚያው ፊት ለፊት ያለች ደሴት ናት። እሷ የሴቶች ገዳም ናት፣ ወንድም ሴትም ይገባል። ከክብራን ተመልሶ እዚህ መግባት ልብ ያሳርፋል። ትንሽ ቦታ ናት፣ ብዙ የሚታይ ነገር አለ ብዬ አልዋሽም። አንዲት እማሆይ ጥላ ሥር ጥጥ እየፈተሉ ነበር፤ እማዬ አጠገባቸው ቁጭ ብላ የግል ወሬ ጀመረች። አስጎብኚው ሰዓቱን አየ። እኔም አስጎብኚውን አየሁት። ሰዓቱን ማየት ተወ።

ከዚያ ዘጌ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሌላውን ሁሉ ሰርዛችሁ ዘጌን ብቻ ብታዩ ምንም አይጎድልባችሁም።

ዘጌ ደሴት አይደለም፣ ወደ ሐይቁ የገባ ልሳነ ምድር ነው፤ በመኪናም ይደረሳል። የአገሬው ሰው የሚሄድበት የሕዝብ ጀልባም አለ፣ ኮንትራት ከመያዝ እጅግ ይረክሳል፣ እኛ ስለሱ የሰማነው ግን ከተመለስን በኋላ ነው። ከወደቡ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው መንገድ በቡና ጫካ ውስጥ ነው። ኅዳር ስለሆነ ቡናው ቀልቷል። ዳገቱ ለጤነኛ ሰው ምንም አይደለም፣ ለእማዬ ጉልበት ግን ቀላል አልነበረም። አንድ ልጅ ምርኩዝ አመጣላት። ዋጋ ስጠይቀው «ስትመለሱ ትመልሱልኛላችሁ» አለ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ትንንሽ የደንገል ታንኳ፣ መስቀል፣ ቆዳ ላይ የተሣለ ሥዕል ይሸጣሉ። ሲወጡ አይግዙ፣ ሲወርዱ ይግዙ፤ ዕቃ ይዞ ዳገት መውጣት ሞኝነት ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው። ከውጭ ስታዩት ትልቅ የገጠር ቤት ሊመስላችሁ ይችላል። ጉልላቱ መስቀል ላይ የሰጎን እንቁላሎች አሉ። አስጎብኚው «ሰባት ናቸው» ብሎ አለፈ። እማዬ ግን «ለምን ሰጎን?» አለችው። ጠፋበት። በሩ ላይ የነበሩ አንድ አባት ሰምተው ኖሮ «ሰጎን እንቁላሏን አፍጥጣ ነው የምትጠብቀው፣ ዓይኗን ከነቀለች ይበላሻል። እግዚአብሔርም እኛን እንደዚያ ይጠብቃል፣ እኛም ልባችንን ከእርሱ እንዳንነቅል ነው» አሏት። እማዬ ተሳለመቻቸው። ከዚያ በኋላ ያስጎበኙን እሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል። ልጁ ከኋላ ተከተለን፣ ይህንንም ለእሱ አመሰግነዋለሁ፤ አልተኮሳተረም፣ እንዲያውም ያዳምጥ ነበር።

ጫማ አውልቃችሁ ትገባላችሁ። ካልሲ አድርጉ፤ ቁንጫ ሊኖር ይችላል፣ ምንጣፍ የበዛበት ቦታ እንደዚያ ነው። መጀመሪያ ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ መሃል ላይ መቅደሱ። መቅደሱ ውስጥ ካህን እንጂ ማንም አይገባም። ግን የመቅደሱ ውጪኛ ግድግዳ አራት ማዕዘን ነው፣ አራቱም ጎን ከታች እስከ ላይ ሥዕል ነው። ባዶ ቦታ የለም። ጨርቅ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ በጨርቁ ላይ ነው የተሣለው። ገዳሙ በ14ኛው ክፍለ ዘመን እንደተመሠረተ ይነገራል፣ ሥዕሎቹ ግን ከዚያ በጣም የዘገዩ ናቸው፣ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ። ይህን ልዩነት አስጎብኚዎች አይነግሩዋችሁም፣ ሁሉንም ነገር 700 ዓመት ያደርጉታል።

አንድ ነገር ካወቃችሁ ግድግዳውን ራሳችሁ ታነቡታላችሁ። ጻድቃን ፊታቸው ወደ እናንተ ነው፣ ሁለቱም ዓይናቸው ይታያል። ክፉዎቹ በጎን ነው የተሣሉት፣ አንድ ዓይን ብቻ። ወንድሜ ይህን ሲሰማ እንደ ሕፃን ልጅ አንድ ዓይናዎቹን መቁጠር ጀመረ። የጌታን ጎን የወጋው ወታደር፣ ሕፃናቱን የሚያርዱት የሄሮድስ ሰዎች፣ ሰይጣን። አቡነ አረጋዊ ዘንዶው ላይ ተንጠልጥለው ይወጣሉ። አቡነ ሳሙኤል አንበሳ ጋልበዋል። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በአንበሳና በነብር መሃል ቆመዋል። ቅዱስ ጊዮርጊስማ የታወቀ ነው።

አስጎብኚው አንዱ ሥዕል ጋ ቆሞ «ይህ ሰው ብዙ ሰው የበላ ጨካኝ ንጉሥ ነው፣ በመጨረሻ ማርያም ይቅር አለችው» አለ።

እማዬ ቆመች። ምርኩዟን መሬት ላይ መታ አደረገች። «ንጉሥ አይደለም ልጄ።»

ከዚያ እሷ ነገረችን። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፣ ግን ሥዕሉ ፊት ቆሜ ሰምቼው አላውቅም። በላዔ ሰብ መጀመሪያ ደግ ሰው ነበር፤ እንደ አብርሃም እንግዳ የሚቀበል። ሰይጣን ቀናና በሥላሴ ተመስሎ ቤቱ ገባ። «ከወደድከኝ ልጅህን አርደህ አብላኝ» አለው። ሰውየውም አረደ፣ ቀምሶ እንዲያቀርብም ታዘዘ፣ ቀመሰ። ከዚያ በኋላ አእምሮው ተለወጠ። ቤተ ሰቡን ጨርሶ አገር ለአገር እየዞረ 78 ሰው በላ። አንድ ቀን በቁስል የተመታ ድኻ ውሃ ጥም ይዞት ለመነው። በእግዚአብሔር ለመነው፣ በቅዱሳን ለመነው፣ እምቢ አለ። በእመቤታችን ስም ሲለምነው ግን ጥርኝ ውሃ ሰጠው። ጥርኝ ብቻ፤ ሰውየውን እንኳን አላረካውም። ሲሞት ነፍሱ ተመዘነች። በአንድ ወገን 78 ነፍስ፣ በሌላ ወገን ጥርኝ ውሃ። እመቤታችን ጥላዋን ሚዛኑ ላይ ጣለችበት። ውሃው መዘነ።

እማዬ ይህን ስትናገር እጇን ወደ ሥዕሉ ዘርግታ ነበር። ሚዛኑ እዚያ አለ፣ ግድግዳው ላይ። «ኪዳነ ምሕረት ማለት ይህ ነው» አሉ አባ፣ «የካቲት 16 ብትመጡ ደግሞ ቦታው ይጠባችኋል።» አስጎብኚው ልጅ ስልኩን አውጥቶ ጻፈ። ምን እንደጻፈ አላየሁም፣ ግን «ንጉሥ» የሚለውን እንደሰረዘው ተስፋ አደርጋለሁ። ለእሱ ሦስት ተኩል ከአምስት። መነሻው ሁለት ነበር።

ፍላሽ ክልክል ነው፣ ፎቶ ግን ያስነሳሉ። አስፈቅዱ። ስትወጡ ግቢው ውስጥ የድንጋይ ደወሉን አትለፉት፤ ተንጠልጥሎ ድንጋይ በድንጋይ ሲመታ እንደ ብረት ነው የሚያስተጋባው። ዕቃ ቤቱንም አየን፤ ዘውድ፣ ካባ፣ መስቀል፣ ብራና። እዚያ ብዙ አልቆየንም፤ ቤቱ ይሞቃል፣ የእማዬም ጉልበት እዚያ ላይ ሰለቸ።

ስንወርድ አንዲት ሴት ከቤቷ ደጅ ሆና «ቡና ደርሷል» አለች። አስጎብኚው «ጊዜ የለንም» አለ። እማዬ ተቀምጣ ነበር። ቡናው የግቢው ነው፤ ተለቅሞ፣ እዚያው ደርቆ፣ እዚያው ተቆልቶ። ዘጌ ውስጥ መሬት አይታረስም፣ ከብትም አይረባም፤ ከጥንት ጀምሮ የተከበረ ልማድ ነው። ጫካው የቆየውም በዚህ ነው። ሴትየዋ ምክንያቱን ነገረችን፤ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ተከሉት፣ አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆነ፣ በዚህ ኑሩ ተባሉ። ወንድሜ «ታዲያ ወተት ከየት ታመጣላችሁ?» አላት። «ከናንተ ነዋ፣ በጀልባ» አለችው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ሦስቱንም ጠጣን። ክፈሉ አላለችንም፣ እኛም ከፍለን ወጣን፣ አንድ ኪሎ ቡናም ይዘን። ይህ በፕሮግራሙ ውስጥ አልነበረም። ከፕሮግራሙ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

ወደ ጀልባዋ ስንመለስ 8 ሰዓት አልፏል። ውሃው መልኩን ቀይሯል። ጠዋት እንደ መስታወት የነበረው አሁን ነጭ ነጭ ይላል። ጣና ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሳበታል፤ ማዕበሉን የውቅያኖስ ነው አልልም፣ ለትንሽ ጀልባ ግን በቂ ነው። አስጎብኚው «አሁን ወደ ዳጋ» አለ፣ ድምፁ ራሱ አላመነም። ጀልባ ነጂው ልጅ ሞተሩን ሳይነካ ወደኔ ዞረ።

«እህቴ፣ ውሸት አልነግርሽም። ከዚህ ደቅ ደርሶ መመለስ ዛሬ አይሆንም። ለነሱም ጠዋት ነግሬያቸዋለሁ።»

አምስት ከአምስት ያልኩት ለዚህ ነው። አለቆቹ የሸጡትን ነገር እሱ ውሃው ላይ ሆኖ እምቢ አለ። ቢሄድ የሚቃጠለው የነሱ ነዳጅ ነው፣ የሚሰጥመው ግን እኛ ነን።

ወንድሜ አዘነ። እሱ ዳጋን ነበር የፈለገው። ዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታት አጽም ያረፈበት ነው፤ ዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ ዐፄ ዳዊት፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ ዐፄ ዘድንግል፣ ዐፄ ፋሲል። በትምህርት ቤት የተማርናቸው ሰዎች አንድ ደሴት ላይ፣ በሣጥን። እኔ የቆጨኝ ናርጋ ነው። ናርጋ ሥላሴን ያሠራችው እቴጌ ምንትዋብ ናት፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ ሴትም ይገባል። እመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ የተሣለችበት ሥዕል እዚያ ነው ያለው። ያሠራችውን ቤት ግድግዳው ላይ ሆና ትጠብቃለች። እነዚህን ሁለቱን የምትፈልጉ ሰዎች ሌላ ምንም አትጨምሩ። ንጋት ላይ 12 ሰዓት ተነሱ፣ ምሳ ቋጥሩ፣ ቀኑን ሙሉ ለነሱ ስጡ።

በምትኩ ልጁ ወደ ዓባይ መውጫ ወሰደን። ይህም በውሉ ውስጥ የለም። ደብረ ማርያም አጠገብ ደንገሉ ውስጥ ሞተሩን አጠፋው። ጸጥ አለ። ጉማሬ ልናይ ነው፣ ዝም በሉ አለን። መጀመሪያ ጆሮ ብቻ ነው የወጣው፣ ሁለት ጆሮ፣ ከዚያ እንደ ሰው «እፍፍ» የሚል ትንፋሽ። እማዬ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አጠገባችን አንድ ሰው በታንኳ አለፈ፣ ፊት ለፊቱ የማገዶ ጭነት፣ ውሃው ከታንኳው ጠርዝ አንድ ስንዝር አይርቅም። ታንኳው ሙሉ በሙሉ ደንገል ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ይከብድና ይጣላል፣ ሌላ ይሠራል። የሥራው ባለቤቶች ነገደ ወይጦዎች ናቸው፣ ሐይቁን ከማንም በፊት የሚያውቁ ሰዎች። ስለ እምቦጭም ጠየቅሁት። በሰሜንና በምሥራቅ በኩል ነው የባሰው፣ የሞተሩን ፕሮፔለር ጠምጥሞ ያስቆማል አለ። በፈረንጅ 2011 ነው መታየቱ የታወቀው፣ እስከዛሬ ግብግብ ነው።

«ይሄ ነው ዓባይ?» አለች እማዬ። ነው አላት። ምንጩ ሰከላ ነው፣ ግሽ ዓባይ፤ ጣናን ሳይቀላቀለው አቋርጦት ይወጣል ይባላል። እሷም ይህን ታውቃለች፣ የጎጃም ልጅ ናት። ከቦርሳዋ ባዶ የሀይላንድ ጠርሙስ አወጣች። ከአዲስ አበባ ይዛው መምጣቷን እኔ አላወቅሁም ነበር። ልጁ አጎንብሶ ሞላላት። ውሃው ደፍርሷል። ክዳኑን ጠብቅ አድርጋ ዘጋችው፣ ጠርሙሱ አሁን ሳሎን ነው ያለው፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ።

ስንመለስ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ከሩቅ ይታያል፤ ግንቦት 2016 ነው የተመረቀው፣ 380 ሜትር ርዝመት አለው። ማታ መብራቱ ሲበራ ሰው ሁሉ እዚያ ፎቶ ይነሳል። ወክ ለማድረግ ከሐይቁ ዳር ቀጥሎ ይህንን ምረጡ።

በማግስቱ ጢስ ዓባይ ሄድን። አጭር ነው የምጽፈው፤ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ መንገዱ ያንገላታል፣ ፏፏቴውም እንደ ዕድላችሁ ነው። ኃይል ማመንጫው ውሃውን ይወስደዋል። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት «ውሃ አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ክረምቱ እንዳለቀ መስከረም ላይ ከሆነ መጠየቅም አያስፈልግም። እኛ መጠነኛ ውሃ አገኘን። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ወንድሜ ብቻ ወርዶ አየው። እኔና እማዬ ላይ ሆነን ሸንኮራ በላን።

ምሳ ሐይቁ ዳር ዓሣ ቤት ገባን። ዓርብ ነበር። እኔና ወንድሜ ቆሮሶ ጥብስና የዓሣ ዱለት አዘዝን። እማዬ ሽሮ። «ዓሣ እኮ ይበላል» አልናት። «ዓይን ያለው ነገር ሁሉ ሥጋ ነው» አለች። አስተናጋጁም በእሷ ወገን ቆመ፣ በዓሣ ቤት ውስጥ! ጥብሱ ግን፣ አንደበት የለኝም። ሎሚ ጨምቃችሁበት በእጅ ነው የሚበላው። ሽሮውም ጥሩ ነበር ብላለች።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ቀሪውን ክፍያ ለመቀበል ያ ባለ ቆንጆ አፍ ሰውዬ ራሱ ሆቴል ድረስ መጣ። አምስት ሸጠህ ሦስት ነው ያየነው፣ ከሦስቱም አንዱን ሁለታችን አላየንም አልኩት። «ንፋሱ ነው» አለ። «ሴት የማይገባበት ገዳምም በንፋስ ነው?» አልኩት። ድምፄ ከፍ ማለት ጀምሮ ነበር። እማዬ ክንዴን ያዘችኝ።

«ልጄ፣» አለችው፣ «አንተ ክፉ ሰው አትመስለኝም። ግን ለሌላ ሰው እናት እንዲህ አትበል። ሁለት ናቸው በላት፣ ትመጣለች።»

ሰውየው ትንሽ ቆየ። ከቀሪው ሩብ ያህሉን ቀነሰልን። ፍትሕ አይደለም፣ ግን ከጠበቅሁት በላይ ነው። ለድርጅቱ ሁለት ያልኩት ለዚህ ነው፣ አንድ ልሰጥ ነበር።

የጀልባ ነጂውን ልጅ ስልክ ይዤዋለሁ። የካቲት 16ን ነግሬዋለሁ። «የት የት?» አለኝ። ኡራ ብቻ አልኩት፣ ጠዋት 1 ሰዓት፣ የእውነት 1 ሰዓት። እማዬ ከጎኔ ሆና «ላይፍ ጃኬቱን አሠራው በይው» ትላለች።